ተቀባዩ ማን ነው? ስለ ልጆች ዘፈን፣ ስለ ስክሪንና ስለ «ለምለም»

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አራት ዓመት የሆናት ልጄ ስልኬን ሶፋው ላይ አስደግፋ የአበባየሆሽ ክሊፕ ታያለች። ካርቱን ነው። አምስት ልጃገረዶች ቢጫ አበባ ይዘው ይወዛወዛሉ። «አበባየሆሽ» ሲባል ልጄ ትንፋሿን ሰብስባ «ለም…» ብላ ጀመረች። ሳትጨርስ ስልኩ ውስጥ ያሉት አምስቱ በአንድ ድምፅ «ለምለም» አሉ። ሁለተኛው ላይ ደግማ ሞከረች። ቀደሟት። ሦስተኛው ላይ አፏን ከፍታ ብቻ ቀረች። ከዚያ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብላ አየች።

ያን ማታ የምሳተፍበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄ ለጠፍኩ። የእኛ የልጆች ዘፈን አብዛኛው አውጪና ተቀባይ አለው። ሆያ ሆዬም አበባየሆሽም እንደዚያው ናቸው። ክሊፑ ግን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይቀበላል። ልጅቷ ምን ትሥራ? ለተቀባይ ቦታ የሚተው የልጆች ሙዚቃ በቴሌቪዥንም ሆነ በዩቲዩብ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ የአገር ውስጥም የውጭም ይሁን። ወይስ ስክሪን ከነተፈጥሮው ጆሮ የለውም?

አምስት ስድስት ሰው ቢመልስልኝ ነው ብዬ ነበር። 27 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተቀጣጠለው መልስ፣ ረዝሟል፤ መሃል ላይም ጭቅጭቅ አለበት። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ በተራ ላውራላችሁ።

1ኛዋ መላሽ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት የምትኖር እናት ናት። የኔ ጭንቀት የቅንጦት እንደመሰላት በጨዋ ቋንቋ ነገረችኝ። እሷ ባለችበት ሕንፃ አማርኛ የሚናገር ሌላ ልጅ የለም። ልጆቿ «ለምለም» የሚባል ቃል መኖሩን ያወቁት ከዚያው ከምወቅሰው ክሊፕ ነው። ተቀባዮቹ ባይኖሩበት ምን ብለው እንደሚቀበሉ ከየት ያውቁት ነበር? መጀመሪያ መስማት ነው፣ መቀበሉ ከዚያ በኋላ ነው ባይ ናት። እውነት ለመናገር ይህን አላሰብኩበትም።

2ኛው «ትክክል» ብሎ አለፈ። ከማን ጋር እንደተስማማ አልገባንም።

3ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አባባ ተስፋዬን አነሡ። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ 42 ዓመት የልጆችን ፕሮግራም ይዘው ቆይተዋል። መምህሩ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ጎረቤት ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ያስታውሱታል። አባባ ተስፋዬ ልጆቹን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉ ሰላም ሲሏቸው፣ ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ እጅ ነስቶ ይመልስ ነበር። ተረቱ ሲያልቅም የሚመልሱት ነበራቸው። ሣጥኑ አይሰማም ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ጽሑፋቸው ረጅምና የሚጣፍጥ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ያዩትን ቀይ ከረባት ሳይቀር ጠቅሰዋል።

ያቺ ከረባት ነገር አመጣች። 4ኛው መላሽ በ1965 ቀይ ከረባት ማንም ኢትዮጵያዊ በቴሌቪዥን ሊያይ እንደማይችል ጻፈ። የቀለም ሥርጭት የመጣው በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ ሲመሠረት ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ነገር ጥቁርና ነጭ ነበር። እርማቱ ልክ ነው፤ አጻጻፉ ግን ሽማግሌ የሚያስቀይም ነበር። መምህሩ 5ኛ ሆነው ተመለሱ፣ አልተቀየሙም። ከረባቱን ቀይ የቀቡት ራሳቸው ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አምነው፣ እጅ ነስተው የመለሱትን ግን ማንም እንደማያሳጣቸው ጨመሩ።

6ኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ስለ ፀሐይ ነገረችን፤ ከካልሲ ስለተሠራችው ቀጭኔ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አባባ ተስፋዬ ስክሪኑን በለቀቁበት በዚያው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው በቴሌቪዥን መታየት የጀመረችው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት ሥራ ነው። መምህርቷ ክፍሎቹን ለተማሪዎቿ የምታሳየው ሪሞት በእጇ ይዛ ነው። ዘፈኑ መልስ የሚፈልግበት ቦታ ሲደርስ ፖዝ ታደርገዋለች። ሃያ ሁለቱ ልጆች ይጮሃሉ። ከዚያ ትለቀዋለች። ለኔ ጥያቄ መልሷ አጭር ነበር፤ ክፍተቱን ፕሮግራሙ ካልተወው አዋቂው ይተወዋል። ችግሩ አዋቂው ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ መሄዱ ነው። ይህቺ ለኔ የተወረወረች ድንጋይ መሆኗ ገብቶኛል። እኔ ያን ጊዜ ዶሮ እየገነጠልኩ ነበር።

7ኛው ቶሮንቶ የሚሠራ አኒሜተር ነው። ክሩ ውስጥ ከሁሉ ብዙ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ምንም እንኳ ጽሑፉ አንድም አንቀጽ ባይኖረውና ዓይን ቢያደክም። በ1996 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት የውጭ ዓመቶች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ኒክሎዲየን በሚባለው የልጆች ጣቢያ ላይ የጀመረውን ብሉስ ክሉስ የሚባል የልጆች ፕሮግራም ጠቀሰ። አቅራቢው ይጠይቃል፣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ለአዋቂ ተመልካች የሚያሳፍር ዝምታ ነው፣ ካሜራማኑ የተኛ ይመስላል። ዝምታው ግን በልጆች ላይ የተሞከረ ነው፤ ልጅ አስቦ አፉን እስኪከፍት የሚወስድበትን ጊዜ ያህል። ደግሞም አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ያሳዩት ነበር። መጀመሪያ ቀን ልጁ ዝም ብሎ ያያል፣ በአምስተኛው ቀን ከአቅራቢው ቀድሞ ይጮሃል። አኒሜተሩ በዚሁ ለሽቱትጋርቷ እናት መለሰላት፤ መስማቱንም መቀበሉንም ለማስኬድ አንዱን ክፍል ደጋግሞ ማሳየት ይበቃል።

ሰሰሚ ስትሪት ስለሚባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራምም ጨመረ። ፕሮግራሙ በ1969 ከመጀመሩ በፊት ኤድ ፓልመር የሚባል ተመራማሪ ልጆችን በአንድ በኩል ቴሌቪዥን፣ በሌላ በኩል በየ7 ሰከንድ ተኩሉ ሥዕል የሚቀይር ስላይድ እያሳየ ይፈትን ነበር። ልጁ ዓይኑን ወደ ስላይዱ ካዞረ ያ የፕሮግራሙ ቦታ ሰልችቶታል ማለት ነው። አኒሜተሩን የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ ጥናት ልጁ ዓይኑን እንዳይነቅል ነበር። ብሉስ ክሉሶች ግን አፉን እንዲከፍት ፈለጉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

8ኛው ሁሉንም ናቀው። ምሳሌው ለምን ሁልጊዜ ከአሜሪካ ይመጣል፣ አባትየው ስልኩን ነጥቆ ልጅቷን ለምን ውጭ አያወጣትም ነው ነገሩ። ቃላቱ ከዚህ ይከብዱ ነበር። 9ኛዋ ውጭ ሲል የትኛውን ውጭ እንደሆነ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። የእሷ ኮንዶሚኒየም ግቢ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጅ የሚጫወትበት አንድ ቦታ የቆሻሻ ገንዳው ጥግ ነው። 10ኛው መልስ የ8ኛው ነበር፤ አሁን አልደግመውም፣ የመድረኩ ኃላፊም አጠፋው። እኔ 11ኛ ሆኜ ገብቼ ወደ ዘፈኑ እንድንመለስ ለመንኩ።

12ኛው መላሽ ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሆነ። ኪቦርዲስት ነው፣ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ አለችው፣ የልጆች ዘፈን ለክሊፕ ሠሪዎች ያቀናብራል። ያየሁትን ክሊፕ ይሥራው አይሥራው አልነገረንም። አሠራሩን ግን ዘረገፈው። አምስቱ ልጃገረዶች አንዲት ልጅ ናቸው፣ የእህቱ ልጅ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ልብስ መሃል፣ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ «ለምለም» ትላለች። አምስት ጊዜ ይቀዳታል። አንዱን ትንሽ ያቀጥነዋል፣ አንዱን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ግራና ቀኝ ይበትነዋል። ክፍያዋ ቸኮሌት ነው።

ለምን ቦታ እንደማይተው ሲያስረዳ ደግሞ አንድ የደረሰበትን አወራ። አንድ ጊዜ ሁለት ባር (ጥቂት ምት) ከበሮ ብቻ ትቶ ድምፁን አወጣው። ልጆቹ እንዲሞሉት ነበር ሐሳቡ። ደንበኛው ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለ፤ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ድምፅ ጠፍቷል ብሎ። ቢያስረዳውም አልተዋጠለትም። ገንዘቡ የተከፈለው ተቀባዩን ካስገባ በኋላ ነው። ከዚያም ዩቲዩብ ተመልካች የት ላይ ጥሎ እንደወጣ በመስመር ያሳያል። የክሊፕ ባለቤቶች ያን መስመር እንደ ሐኪም ያነቡታል። ዝም ያለበት ቦታ መስመሩ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዘፈን ዝምታ የለም። እኔ ቦታ መተውን የረሱ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚተወው ሰው ክፍያው ይያዝበታል።

13ኛው በአካባቢያቸው አውጪ ሳይሆን አውራጅ እንደሚባል ሊያርመኝ መጣ፣ 14ኛዋ ደግሞ አቀንቃኝ ነው አለች። ሦስቱም ይባላሉ። እንለፈው።

15ኛው ጨዋታውን ወደ ካራኦኬ ወሰደው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ሞቅ አለ። ተመልካቹ እንዲዘፍን ቦታ መተው ስክሪን ያወቀው ዛሬ አይደለም ባይ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ማክስ ፍላይሸርና ወንድሞቹ ለሲኒማ ቤት አጫጭር የዘፈን ካርቱን ይሠሩ ነበር። ግጥሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ አንዲት ነጭ ኳስ ከቃል ቃል እየዘለለች መቼ ምን እንደሚባል ታሳያለች። አዳራሹ ሙሉ ይዘፍናል። ኳሷ ሥዕል አይደለችም። ጥቁር የተቀባ ዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካች የምታበራ ኳስ ናት፤ አንድ ሰው በእጁ ይዞ ከሙዚቃው ጋር ያዘልላታል፣ ካሜራው ዘንጉን አያየውም። እንደ ማሲንቆ ደጋን በእጅ የምትሄድ ናት ማለት ነው። ይህቺ ነገር በጣም ደስ አለችኝ። ቀጥሎ ይኸው ሰው ሚች ሚለር የሚባል ሙዚቀኛ በ1961 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ በጀመረው፣ ተመልካች አብሮ በሚዘፍንበት ፕሮግራም ይህቺው ኳስ እንደነበረች ጻፈ።

16ኛዋ ኳሷን ከዚያ አወጣቻት። ሚች ሚለር ጋ ግጥሙ ስክሪኑ ግርጌ ይጻፍ ነበር እንጂ የምትዘል ኳስ አልነበረችም፤ ሰው ሁለቱን እያቀላቀለ ነው የሚያስታውሰው። ቀይ ከረባት ቁጥር ሁለት ብላ ዘጋችው። መምህሩ ሳቅ ለጠፉ።

17ኛው ከሕንድ የመጣ ሐሳብ ይዞ ገባ፤ ለኔ የቀረበኝ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሕንድ ፊልም ሳያይ ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ዘፈኑን ሳይገባን በቃላችን ይዘነዋል። ሕንዶቹ ራሳቸው ግን ያንኑ የፊልም ዘፈን ማንበብ ማስተማሪያ አደረጉት። አህመዳባድ ያለ ብሪጅ ኮታሪ የሚባል ምሁር፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ዘፈን ግርጌ በዚያው በሚዘፈንበት ቋንቋ ግጥሙ እንዲጻፍ፣ የሚዘፈነው ቃልም ቀለሙ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ። በ1999 በጉጃራት ተጀመረ፣ በኋላ የአገሪቱ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ፊደል ቆጥሮ የረሳ ሰው የሚወደውን ዘፈን ሲከተል ሳያውቀው ያነባል። የ17ኛው ጥያቄ ታዲያ ይህ ነው፤ እኛ ፊደሉም ዘፈኑም እያለን ለምን ክሊፖቻችን ግርጌ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ብቻ ይጻፋል?

18ኛዋ ቤተ ክርስቲያናቸው ፕሮጀክተር ላይ የመዝሙር ግጥም እንደሚወጣ ነገረችን። ስላይድ የሚቀይረው ወጣት ሁልጊዜ አንድ መስመር ይዘገያል፤ ምእመኑ ሁለተኛውን ስንኝ ሲዘምር ስክሪኑ ገና አንደኛው ላይ ነው። አሁን አሁን ሆን ብሎ ያደርገዋል ብላ ትጠረጥራለች፣ ሰዉ በቃሉ እንዲይዝ። 

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ኮንሰርት ፊልም ነጎደ። 19ኛው የፊልም ወዳጅ ነው፣ ጆናታን ደሚ በ1984 ያወጣውን የሮክ ባንዱን የቶኪንግ ሄድስን ኮንሰርት ፊልም ከሁሉ በላይ አደረገው። ዘፋኙ ብቻውን ጊታርና የቴፕ ማጫወቻ ይዞ ይገባል፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ይጨመራሉ። ተመልካቹ ግን እስከ መጨረሻው አካባቢ አይታይም ማለት ይቻላል። ለሱ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ ሌላ ሰው ሲጨፍር ካላየህ ራስህ ትጨፍራለህ።

20ኛዋ አልተስማማችም፣ በጥሩ ምክንያት። እሷ ያነሣችው አሜሪካዊቷ ዘፋኝ አሪታ ፍራንክሊን በጥር 1972 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ያለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁለት ሌሊት ስትዘምር የተቀረጸውን ፊልም ነው። ሲድኒ ፖላክ ነው የቀረጸው። ካሜራዎቹ ሲነሡ ድምፅና ምስል የሚያገናኘውን ሰሌዳ ስላላጨበጨቡ ፊልሙ ከድምፁ ጋር አልገጥም ብሎ ተቀመጠ። አልበሙ በዚያው ዓመት ወጣ። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በ2018 ነው፣ አሪታ ካረፈች በኋላ። በዚያ ፊልም ውስጥ ተቀባዮቹ ከዘማሪዋ እኩል ይታያሉ። መዘምራኑ ይነሣሉ፣ ምእመኑ ይመልሳል፣ እሷ የእነሱን መልስ ሰምታ ቀጣዩን ታነሣለች። ተቀባዩን ብታወጡት መዝሙሩ ይፈርሳል። እናም ተቀባይ ስክሪን ላይ መታየቱ አይደለም ችግሩ ባይ ናት። የዚያ ፊልም ተቀባዮች እሷን እየሰሙ ነው የሚመልሱት። የልጄ ክሊፕ ተቀባዮች ማንንም አይሰሙም። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለችውን ልጅ አስታወሰችን። እኔ እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

21ኛው የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የቴይለር ስዊፍት ኮንሰርት ፊልም በ2023 ሲኒማ ቤት ሲገባ ታዳጊዎች መተላለፊያው ላይ እየጨፈሩ ትኬት የገዛበትን እንዳበላሹበት አማረረ። 22ኛው ደግሞ ሰርግ ቤት ገብቶ ጭፈራ በዛ እንደሚል ሰው ነህ አለው። ሌሎችም ሊቀጥሉ ሲሉ 23ኛዋ ጻፈች።

ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇ ደሴ ከእናቷ ጋር ናት፣ ስድስት ዓመቷ። በየዓርቡ በስልክ ይተያያሉ። ሴትዮዋ የጻፈችው ከአሥር መስመር አይበልጥም። መጀመሪያ አብረው ለመዝፈን ሞከሩ፤ አልሆነም። ኔትወርኩ ያዘገያል። እሷ ሦስተኛው ቃል ላይ ስትሆን የልጇ አንደኛው ይደርሳል፣ ሁለቱም ግራ ይገባቸውና ይስቃሉ። አበባየሆሽ ግን ሠራ። እሷ ታወጣለች። ከዚያ ዝም። አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴ ሁለት። ከዚያ ከደሴ «ለምለም» ይመጣል። መዘግየቱ ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። አሁን ልጅቷ እየደፈረች ራሷ ታወጣለች፣ እናትየዋ ትቀበላለች። የቤቱ ትንሽ ልጅ ዓረብ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆሞ ለምለም ይላል።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። ልብ ብቻ ይለጠፍ ነበር። ከእነዚያ አንዱ የ8ኛው ሰውዬ ነው።

24ኛው መልስ የኪቦርዲስቱ ነበር። ከበሮና የአውጪዋ ድምፅ ብቻ ያለው አበባየሆሽ በአንድ ማታ እንደሚሠራልኝ፣ ከያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ስንት ሰከንድ ልተው ብሎ ጠየቀ። 25ኛው አኒሜተሩ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ አዋቂ በቃ ከሚለው በላይ እንዲተው መከረው። 26ኛው ያቀናበርከው ስለሆነ መብቱ ያንተ ነው ወይስ የሕዝብ ብሎ ሌላ ክር የሚወጣው ጥያቄ አነሣ። ኪቦርዲስቱ አልመለሰለትም፣ ፋይሉን በቴሌግራም ላከልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከፈትኩላት። ልጄ ሶፋው ላይ፣ እናቴ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ስልኩ «አበባየሆሽ» አለና ዝም አለ። ከበሮው ብቻ ቀረ። ልጄ ስልኩን አየች፣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ አንሥታ ነቀነቀችው።

«አባዬ፣ ኔትወርክ ሄደ።»

ስልኩ ሁለተኛውን አወጣ። ያን ጊዜ እናቴ ከወጥ ቤት፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ለምለም» አለች። ልጄ ወደ በሩ ዞረች። ሦስተኛው ሲመጣ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥላ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፣ አራተኛውን ሁለቱ አብረው ተቀበሉት።

ይህን መድረኩ ላይ ጻፍኩት። 27ኛው መልስ የኪቦርዲስቱ ነው። እናቴ ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደወሰደባት ብቻ ነው የጠየቀኝ። አልቆጠርኩም።